በሐምሌ ብቻ የሚፈለግ ሰው

በአገራችን የንግድ ሰው ሒሳብ ዐዋቂን የሚያስበው ሐምሌ ሲገባ ነው። በደባርቅና በዳባት ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን በሚሸፍንበት፥ ዝናቡም ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ወራት፥ ባለሱቁ በጋውን ሙሉ በመደርደሪያው ሥር ሲጥለው የከረመውን የወረቀት ክምር በፌስታል ቋጥሮ ጽሕፈትና ቍጥር የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ይወጣል። ሒሳብ ዐዋቂውም ባለሱቁን የሚያየው ያን ጊዜ ነው። የዓመቱን ሥራ በሦስት ቀን ሊጽፍለት ይዋዋላል፤ የተገኘውን ደረሰኝ ይደምራል፤ ያልተገኘውን ይገምታል፤ ዋጋውን ተቀብሎ ይሰናበታል። በሚመጣው ሐምሌ እንደ ገና እስኪገናኙ ድረስ አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር የለም። ይህ ልማድ ሁለቱንም ቤት የሚጎዳ ነው። ሒሳብ ዐዋቂነት ዓመቱን ሙሉ በትውውቅ የሚሠራ ሙያ ሊሆን እንደሚገባው፥ ትውውቁም የት ላይ ማቆም እንዳለበት ዛሬ በዚህ ዓምድ ጥቂት እናወሳለን።

ጉዳዩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ከተሞች ሒሳብ አያያዝ ተምሮ የተመረቀ ልጅ ያለበት ቤተ ሰብ ዛሬ ጥቂት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ በጎንደር ብቻ ሳይሆን ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በደባርቅም አለ። አባትና እናት ለልጃቸው የሚመኙለት በባንክ መስኮት በኩል ተቀምጦ ወር ሲሞላ ደመወዝ መቀበሉን ነው። ምኞቱ አይነቀፍም፤ ነገር ግን የባንክ ወንበር የተቈጠረ ነው፤ ተመራቂው ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይበዛል። ብዙዎችም ማስታወቂያ ሲያነቡና ማመልከቻ ሲያስገቡ ሁለትና ሦስት ዓመት ያልፍባቸዋል። በዚያው ከተማ ደግሞ መዝገብ የሌለው ነጋዴ፥ ደብተሩ የተምታታበት ዕድር፥ በቅሎውን ለአገር ጎብኚ እያከራየ በዓመት ስንት እንዳገኘ የማያውቅ ገበሬ ሞልቷል። አንዱ ሥራ አጥቶ፥ ሌላው ሠራተኛ አጥቶ፥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የነገሥታቱ የግምጃ ቤት ሹም በጅሮንድ ይባል እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙም የገንዘብ ሚኒስትርነቱን የተቀበሉት በጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። በአውሮፓም ቢሆን ገቢንና ወጪን በሁለት ወገን እያመዛዘኑ የመጻፍን ዘዴ አስቀድሞ በማተሚያ ቤት ያሳተመው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1494፥ ሉካ ፓቺዮሊ የተባለ ኢጣሊያዊ መነኵሴ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በእኛ ዘንድ ዘመናዊው ትምህርት የተስፋፋው አዲስ አበባ ላይ በ1935 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ ከጥቃቅኑ ነጋዴ በቀር፥ የሚነግድ ሁሉ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ፤ በ1965 ዓ.ም. የሒሳብ ዐዋቂዎችና የኦዲተሮች የሙያ ማኅበር ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ ግን በግሉ የሚሠራው ሒሳብ መርማሪ ትላልቆቹን ደንበኞች በአንድ ጊዜ አጣቸው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ጽሕፈት ቤቶች እንደ ገና በዙ። በ2006 ዓ.ም. ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቍጥር 847 ከወጣ ወዲህም ሙያውን የሚቈጣጠር የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ አለ፤ የ1952ቱም ሕግ በአብዛኛው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የንግድ ሕግ ተተክቷል።

እዚህ ላይ ወላጆች አንድ ልዩነት እንዲያስተውሉ እንፈልጋለን። የዕለቱን ሽያጭና ግዥ የሚጽፍ ሒሳብ ያዥ፥ መዝገቡን አጠናቅሮ የዓመቱን መግለጫ የሚያወጣ ሒሳብ ዐዋቂ፥ ሌላው ያዘጋጀውን መግለጫ መርምሮ እውነት ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚፈርም ኦዲተር፥ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ለኦዲተርነት ከዲግሪው በላይ የሙያ ፈተና፥ የተግባር ልምድና የቦርዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1904 በለንደን የተመሠረተው ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. የተባለው ማኅበር የሚያወጣውን ፈተና በአገራችን ተቀምጠው የሚፈተኑ አሉ፤ ፈተናው ብዙ፥ ክፍያውም ለድኻ ልጅ ከባድ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት በወጣ በማግሥቱ «ኦዲተር» የሚል ሰሌዳ ለመስቀል የሚቸኩል ልጅ ቢኖር አባቱ ይከልክለው። የነጋዴውን መዝገብ እያደራጁ መጀመር ግን በአነስተኛ ጓዝ ይቻላል፤ ለየትኛው ሥራ የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ቦርዱንና የከተማውን የንግድ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ወደ ሐምሌው ነገር እንመለስ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ነጋዴውን በዓመት ሽያጩ ከሦስት ደረጃ መድቦት ነበር፤ 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሚሸጠው ደረጃ «ሀ»፥ ከ500,000 ብር ጀምሮ ከሚሊዮን በታች የሆነው ደረጃ «ለ»፥ ከዚያም የሚያንሰው ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መዝገብ እንዲይዙ ተገደዱ፤ ሦስተኛው መዝገብ ባይኖረውም በንግዱ ዓይነት በተሠራለት ሠንጠረዥ መሠረት ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ቍርጥ ግብር እንዲከፍል ታዘዘ። ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏልና የዛሬውን አመዳደብ ከግብር ጽሕፈት ቤቱ መረዳት ይገባል። እኛን የሚያስፈልገን ግን በ2009 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ገማቾች ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞሩ የነጋዴውን የቀን ገቢ ገመቱ፤ ውጤቱ በሐምሌ ሲነገር በብዙ ከተሞች ታላቅ ጩኸት ሆነ፤ ሱቃቸውን የዘጉም ነበሩ። ብዙው ሰው የቀን ሽያጭንና የቀን ትርፍን ለይቶ አላወቀም ነበር፤ ግምቱ በዛብኝ የሚለውም «ይኸውላችሁ መዝገቤ» ብሎ የሚያሳየው አልነበረውም። ገማቹም ቢሆን ከዐይኑ በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረውም።

የአንድ ሥጋ ቤት ምሳሌ እንውሰድ። ባለቤቱ በፍስክ ቀን የ2,000 ብር ሥጋ ይሸጣል እንበል። በጥር ወር በበዓል ሰሞን የመጣ ገማች ይህን ዐይቶ በ365 ቀን ቢያባዛው ዓመታዊ ሽያጩ 730,000 ብር ይሆናል። የእኛ ቤተ ሰቦች ግን ይህ ሒሳብ የት ላይ እንደ ሳተ ወዲያው ያውቃሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፥ የሐዋርያት፥ የፍልሰታና የነነዌ ጾም አለ፤ ከበዓለ ኀምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ አለ። ሁሉ ሲደመር ምእመኑ የሚጾመው ቀን በዓመት ወደ 180 ይጠጋል። ደንበኞቹ ጿሚዎች በሆኑበት ከተማ ሥጋ ቤቱ የሚሠራበት ቀን እንግዲህ ከ185 ብዙ አይበልጥም፤ ሽያጩም 370,000 ብር ነው። በ2008ቱ አመዳደብ የመጀመሪያው ቍጥር ባለሥጋ ቤቱን ደረጃ «ለ»፥ ሁለተኛው ደረጃ «ሐ» ያደርገው ነበር። አንድ ቤተ ሰብ በሰላም ማደሩና በዕዳ መያዙ በዚህ ልዩነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ልዩነቱን የሚያስረዳው ማን ነው? በየወሩ እየመጣ በመጋቢት የተዘጋውን በር ያየ፥ በፋሲካ ማግሥት የተሸጠውን የጻፈ ሒሳብ ዐዋቂ ነው። በሐምሌ ብቻ የመጣው ግን ከገማቹ የተሻለ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ እርሱም የሚገምት ነውና።

የበቅሎ አከራዩና የአስጎብኚው ነገርም እንዲሁ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ግጭ፥ ወደ አምባራስና ወደ ጭነቅ የሚወጣው እንግዳ የሚመጣው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፥ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ በበጋው ነው፤ በክረምት ጉሙ ተራራውን ስለሚሸፍነው መንገዱ ጭር ይላል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ደረሰ፤ በዓመቱ ጦርነት ተከተለ፤ ጦርነቱም በ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ዳባት ወረዳ መጥቶ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። እንግዳውም ቀረ። እንዲህ ባለ ዘመን ሕጉ የሚሰጠው አንድ መጠጊያ ነበር፤ በ2008ቱ አዋጅ በተገቢው መዝገብ የተረጋገጠ ኪሳራ እስከ 5 ዓመት ድረስ ወደ ፊት ተሸጋግሮ ከሚመጣው ትርፍ ሊቀነስ ይችላል። ነገር ግን መጠጊያው መዝገብ ላለው ነው። በቃል የሚነገር ኪሳራ፥ እውነትም ቢሆን፥ የሚሸጋገርበት ድልድይ የለውም።

አሁን ደግሞ በትውውቅ ላይ የሚመሠረት ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚሠራ በዝርዝር እንመልከት። ወጣቱ ሒሳብ ዐዋቂ በወር አንድ ጊዜ ወደ ደንበኛው ይሄዳል፤ ደንበኛው ወደ እርሱ እስኪመጣ አይጠብቅም። በመጀመሪያው ቀን የሚያደርገው የቤቱን ኪስና የሱቁን ኪስ መለየት ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብድ ነው። የባለሱቁ ባለቤት ለቤት ብለው አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ሊትር ዘይት ከመደርደሪያው ያነሣሉ፤ ልጁ ለትምህርት ቤት ክፍያ ከመሳቢያው ይወስዳል፤ ለልቅሶ፥ ለክርስትና፥ ለማኅበር የሚወጣው ሁሉ ከዚያው ነው። ማንም አልሰረቀም፤ ነገር ግን ማንም አልጻፈም። ሰኔ ላይ ሱቁ የከሰረ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሱቁ ሲያተርፍ ቤቱ ሲበላው መክረሙ ነው። ስለዚህ ከመሳቢያው አጠገብ አንድ ተራ ደብተር ይሰቀልና ለቤት የተነሣው ሁሉ እንዲጻፍበት ይሁን፤ የምትጽፈውም እማወራዋ ብትሆን ይመረጣል፤ በአብዛኛው ቤት ስንት እንደ ተነሣ የምታውቀው እርሷ ናትና።

ቀጥሎ የዱቤው ደብተር አለ። በከተሞቻችን ያለ ዱቤ ንግድ የለም፤ ገበሬው ገብሱንና ባቄላውን ወቅቶ እስኪሸጥ ድረስ ባለሱቁ ይታገሠዋል። ሒሳብ ዐዋቂው ዕዳውን በየወሩ እየቈጠረ የቈየውን ከአዲሱ ይለያል፤ «ይህ ሰው ከነሐሴ ጀምሮ አልከፈለም፥ እንደ ገና ከመስጠትዎ በፊት ያነጋግሩት» ብሎ በጊዜው ያሳስባል። ይህን ለመናገር መንደሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውየው ያልከፈለው ሚስቱ ታማበት እንደ ሆነ ወይም ልማዱ እንደ ሆነ መዝገቡ አይናገርም። ደግሞ የመዝገቡን ግልባጭ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ የሒሳብ ዐዋቂው ተግባር ነው፤ እሳትም ጦርነትም በሚያሰጋበት አገር አንድ ደብተር ብቻ መያዝ የአሥር ዓመት ድካምን በአንድ ሌሊት ማጣት ሊሆን ይችላል።

ሕዝባችን እንዲህ ያለውን አሠራር ከባሕር ማዶ መማር አያሻውም። የዕድር ጸሐፊ ማለት ሌላ ምንድር ነው? የእያንዳንዱን ቤት በር ያውቃል፤ ማን ከፈለ ማን ቀረ በደብተሩ አለ፤ ሰው ሲሞትም ደብተሩን አጥፎ ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጣል። ዕቁብም የቆመው በመተዋወቅ ነው። ይህንኑ ጠባይ ተከትሎ የተነሣ ትልቅ ድርጅትም አለን። በክልላችን በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም፥ ሕዝቡ አብቁተ ብሎ የሚጠራው፥ ባንክ ያለ መያዣ አላበድርም ያለውን ገበሬ ጎረቤቶቹ በቡድን እንዲዋሱት እያደረገ አበደረ፤ ሠራተኞቹ በከተማ መስኮት ከመጠበቅ ወደ ቀበሌው ይወርዱ ነበር። ይህ ተቋም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል። በቡድን መዋዋስ የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዱ ሲያጓድል ጎረቤታማማቾች ይቀያየማሉ። ሆኖም መተዋወቅ በራሱ እንደ ሀብት ሊቈጠር እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው።

ትውውቁ ሲጎድል የሚሆነውንም ከዚሁ ከአካባቢያችን ማየት ይቻላል። በ1962 ዓ.ም. በተከለለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች፥ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፥ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብስ ሲዘሩና ከብት ሲያረቡ የኖሩ ናቸው። በእርሻ የሚኖር ሰው ሀብቱን የሚያየው በጎተራና በበረት ነው፤ ጎተራው ሲጎድል በዐይኑ ያያል፤ በጊዜውም ይጠነቀቃል። በባንክ ደብተር የተጻፈ ገንዘብ ግን ሲያልቅ ድምፅ የለውም። ቤት መሥራት አለ፤ ያለ ማሳ መብላት አለ፤ ከዚያም የሚመጣውን ዓመት ማሰብ አለ። ለእንዲህ ያለው አባወራ ካሳ ከፋዩ ገንዘቡን ይሰጣል፤ ባንኩም ይጠብቅለታል፤ አጠገቡ ተቀምጦ «ይህን ያህሉ ለቤቱ፥ ይህን ያህሉ ለሁለት ዓመት ቀለብ፥ የቀረው ለምን ሥራ ይሁን?» ብሎ በእርጋታ የሚያሰላ ሰው ግን በየትኛውም መሥሪያ ቤት ደመወዝ የተቈረጠለት አይደለም። እኛ እንደሚመስለን ከአንድ አገር ሕዝብ ሲነሣ ከካሳው ገንዘብ ጋር የዚህ ሰው ደመወዝም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ወደ ፊት እንደዚያ ያለ ነገር ቢመጣ የከተማው ወጣት ሒሳብ ዐዋቂዎች ተሰብስበው ቢዘጋጁበት ለእነርሱም ሥራ፥ ለተነሺውም ረዳት ይሆናል።

እስካሁን የተናገርነው የትውውቅን ጥቅም ነው። በእኛ አገር ግን ትውውቅ የሚያመጣው አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ወጣቱ በደንበኛው ቤት ቡና ይጠጣል፤ በፋሲካ ይጠራል፤ ዓመት ሳይሞላ የቤት ልጅ ይሆናል። አንድ ቀን ታዲያ ነጋዴው «ልጄ፥ የልጄን የሠርግ ወጪ ከሱቁ ወጪ ጋር አግባልኝ» ይሉታል። ይህን ያሉት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ወዳጅ ያገኙ ስለ መሰላቸው ነው። መልሱ አጭርና አክብሮት ያለበት መሆን አለበት፤ «ጋሼ፥ ለሠርጉ የታረዱትን በሬዎች ሱቁ አልበላቸውም፤ በሱቁ ስም ብጽፋቸው መርማሪው ሲደርስበት እርስዎ ይቀጣሉ፤ እኔም ፈቃዴን አጣለሁ።» ይህን ቃል በመጀመሪያው ዓመት ያልተናገረ ሰው በሦስተኛው ዓመት ሊናገረው አይችልም። እምቢታው ቀደም ብሎ ሲሰማ ቅሬታው ይበርዳል፤ ብዙውን ጊዜም ነጋዴው «ይህ ልጅ ለእኔ ካልዋሸ በእኔም ላይ አይዋሽም» ብሎ ያምነዋል።

በትልቁ ዓለም ይሉኝታ የሚለው ስም ባይኖርም ነገሩ አለ። አርተር አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1913 በቺካጎ ጽሕፈት ቤት ከፈተ። ገና በጅምሩ አንድ የባቡር ኩባንያ ሹም ሒሳቡን በሚፈልገው መልክ እንዲያጸድቅለት ቢያስገድደው እምቢ ብሎ ደንበኛውን እንዳጣ ይተረካል። ድርጅቱ በዚህ ዝና አድጎ በመላው ዓለም 85,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ሆኖም በመጨረሻ ኤንሮን የተባለው የኃይል ኩባንያ እጅግ የቀረበ ወዳጁ ሆነ፤ በ2000 ከዚህ ከአንድ ደንበኛ ብቻ ለኦዲት 25 ሚሊዮን፥ ለምክርና ለሌላ አገልግሎት ደግሞ 27 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተቀበለ። ኤንሮን በ2001 ሲከስር ሒሳቡ ዕዳን የሚሰውር ሆኖ ተገኘ፤ የአንደርሰን ሰዎች ሰነድ በማጥፋታቸው በ2002 ድርጅቱ ተፈረደበት፤ ፍርዱ በ2005 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሻረ፥ ነገር ግን ያን ጊዜ ድርጅቱ ተበትኖ ነበር። ከምክሩ የሚገኘው ገንዘብ ከምርመራው ሲበልጥ መርማሪው ለማን እንደሚሠራ ይጠፋዋል። ስለዚህም በዓለም አቀፉ የሙያ ሥነ ምግባር መሠረት የአንድን ድርጅት ሒሳብ የሚመረምር ሰው ከባለቤቶቹ ጋር የቅርብ ዝምድናና የገንዘብ ጥቅም እንዳይኖረው ተከልክሏል።

እዚህ ላይ በእኛ በኩል አንድ ነገር እንጨምራለን። የውጭው ሕግ የሥጋ ዝምድናንና ጋብቻን ይቈጥራል፤ አበ ልጅነትን አያውቅም። በእኛ ቤተ ሰቦች ዘንድ ግን የክርስትና አባት ሆኖ ልጅ ያነሣ ሰው ከብዙ የሥጋ ዘመድ ይልቅ የቀረበ ነው፤ ነገሩም የማይፈታ ነው። እንግዲህ ደንበኛ «ልጄን ክርስትና አንሣልኝ» ሲል ምን ይደረግ? እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እኛም እምቢ ይበል አንልም። መዝገቡን ብቻ የሚያደራጅለት ከሆነ ልጁን ያንሣ፤ ሥራውንም በግልጽ ይቀጥል። ኦዲተር ሆኖ የሚፈርምለት ከሆነ ግን ልጁን ባነሣ በማግሥቱ ፊርማውን ለሌላ ባለሙያ ያስተላልፍ። ደንበኛውም ይህን እንደ መገፋት አይቍጠረው።

ምስጢር መጠበቅስ? ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዳባት ደግሞ ታንሳለች። የአንዱን ትርፍ ለሌላው በጠላ ቤት ያወራ ሒሳብ ዐዋቂ በሳምንቱ ደንበኛ አይቀርለትም። ለሚስቱም፥ ለእናቱም ቢሆን አይንገር፤ ቤተ ሰቡም አይጠይቀው። ሁለት ተፎካካሪ ነጋዴዎችን የያዘ እንደ ሆነ ሁለቱም አስቀድመው እንዲያውቁት ማድረግ ይሻላል።

ስለ ክፍያው የምንመክረው በሐምሌ በአንድ ጊዜ ከመቀበል እንደ ዕድር መዋጮ በየወሩ ጥቂት ጥቂት መቀበልን ነው። ነጋዴው አይከብደውም፤ ወጣቱም በየወሩ የሚሄድበት ግዴታ ይኖረዋል። ምን ምን እንደሚሠራለት በአንድ ገጽ ውል ይጻፍ፤ በዝምድና የተተወ ውል ብዙ ጊዜ በጠብ ያልቃል። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ደንበኛ መፈለግ አይገባም፤ በእግር ዞሮ በወር ሊደርስባቸው የሚችላቸውን፥ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ያህል ቤቶች፥ ቢይዝ ይበቃዋል። ሴት ልጆቻችን ለዚህ ሥራ በጣም የተስማሙ ናቸው፤ ከባለሱቁ ባለቤት ጋር ስለ ቤቱ ወጪ በግልጽ ለመነጋገር ከወንዱ ይልቅ ይቀናቸዋል። ወላጆችም ለተመረቀው ልጃቸው ደጅ ለማስጠናት የሚያወጡትን ገንዘብ አንድ ጠረጴዛ፥ ሁለት ወንበርና ቍልፍ ያለው ሣጥን ገዝተው የቤታቸውን የፊት ክፍል ቢለቁለት ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ከገጠሩ ወገን ከሚመጡት ደንበኞች ጥሬ ገንዘብ አጥሮት የወሩን ክፍያ በአንድ ቁና ገብስ ወይም በጥቂት ነጭ ሽንኵርት ልክፈል የሚል አይጠፋም። ይቀበለው። ነገር ግን ገብሱ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተተምኖ፥ ደረሰኝ ተቈርጦለት፥ ወደ እናቱ ማጀት ከመግባቱ በፊት በራሱ በሒሳብ ዐዋቂው መዝገብ ላይ ይግባ።